ቢሉ የት ገባ? አናፖሊስ ላይ ስለቀረ አንድ ረቂቅ ሕግ የተደረገ ውይይት

ጥያቄውን ያነሳችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ውስጥ ዴይኬር (የሕጻናት መዋያ) የምትሠራ እናት ናት። ትንንሽ የቤት ዴይኬሮችን የሚመለከት አንድ ረቂቅ ሕግ፣ ቢል የሚሉት፣ ለሜሪላንድ ምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ለወላጆች ቀድማ ነግራ፣ ለአንድ ቀን ሥራዋን ዘግታ ምክር ቤቱ ወዳለበት ዋና ከተማ አናፖሊስ ሄደች። ሂሪንጉ፣ ማለትም ኮሚቴው የሰዎችን አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ፣ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት ቆየ። ተራዋ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ሰጧት፤ ተናገረች። የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት፤ አንዷም ስለመጣች አመሰገነቻት። ከዚያ ወዲያ ግን ቢሉን ውሃ በላው። ኤፕሪል ላይ ሴሽኑ (የምክር ቤቱ የዓመቱ የስብሰባ ጊዜ) ሲዘጋ አልፏል ያላት የለም፣ ወድቋል ያላትም የለም። እናም የኢንተርኔት መድረካችንን ሰው ጠየቀች፦ ይሄን ቢል የገደለው ማን ነው?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ስር የተደረደረው ምልልስ፣ በጣም ረዝሟል። መሃል ላይ መናቆርም አለበት፤ ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ይተወዋል። እኔ ግን ማንንም እንዲያመልጥ አልፈልግም። ስለዚህ ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር። በአሜሪካ የስቴት ምክር ቤቶች አንድ ረቂቅ ሕግ የሚኖረውም የሚሞተውም ኮሚቴ ውስጥ ነው። የእኛ ሰው የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ከተበተነ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

1ኛው ምላሽ ትሁት ነበር። እህቴ ብሎ ጀምሮ የቢሉን ቁጥር ጠየቃት፤ ሰጠችው። ጥቂት ቆይቶ የምክር ቤቱን ድረ ገጽ ከፍቶ ያየውን ነገራት። እያንዳንዱ ቢል ታሪኩ በቀን በቀን የሚመዘገብበት ገጽ አለው። የሷ ቢል የመጨረሻ መስመር ያው ሂሪንጉ ነው። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

2ኛው ከባልቲሞር የጻፈ ሰው ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ጥሎታል ማለት ነው ሲል ደመደመ። 3ኛዋ ወዲያው አረመችው። ይህቺ ሴት አናፖሊስ ውስጥ በአንድ ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ቢሮ እንደሠራች ትናገራለች፤ እኔ በበኩሌ የክሩ ምሰሶ እሷ ናት እላለሁ። ቢሉ ለምክር ቤቱ ሙሉ ጉባኤ ቀርቦ አያውቅም ነው ያለችው። ከዚያ መንገዱን ከመነሻው ዘረዘረችው።

ረቂቁ ሲቀርብ የመጀመሪያ ንባብ ይደረጋል። እዚያ ላይ ክርክር የለም፤ ርዕሱ ይነበብና ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል። አገር ቤት በዜና የምንሰማው ለዝርዝር ዕይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ የሚባለው ማለት ነው። ኮሚቴው የሂሪንግ ቀን ይቆርጣል፤ ሕዝቡም፣ ሎቢስቱም (ምክር ቤቱን ለማግባባት የተቀጠረው ሰው)፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ይናገራል። ድምፅ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን አይደለም። ቢሉ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፣ ይታሻል፣ ማሻሻያ ይጻፍለታል። ኮሚቴው ሌላ ቀን ተሰብስቦ ይወስናል፦ ይለፍ፣ ከማሻሻያ ጋር ይለፍ፣ ወይም አይለፍ። ካለፈ ሁለተኛ ንባብ አለ፤ የኮሚቴው ሪፖርት ለጉባኤው ይቀርብና ማሻሻያ ይነሳል። ሦስተኛው ንባብ ላይ የመጨረሻው ድምፅ ይሰጣል። ሦስቱ ንባቦች በሦስት የተለያዩ ቀናት እንዲሆኑ የስቴቱ ሕገ መንግሥት ያዛል። ሜሪላንድ 141 ዴሊጌትና 47 ሴናተር አላት፤ ለማለፍ 71 እና 24 ድምፅ ያስፈልጋል። ከሁለቱ ቤቶች፣ ከዴሊጌቶቹና ከሴኔቱ፣ አንዱ ሲጨርስ ደግሞ ሌላው ይሄንኑ መንገድ ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል።

በሷ አቆጣጠር የዴይኬሩ ቢል የቆመው ከሂሪንጉ ቀጥሎ፣ ከኮሚቴው ድምፅ በፊት ነው።

4ኛው ዝም በማለት ብቻ ቢል ይሞታል ወይ ብሎ ጠየቀ። 5ኛው አዎ አለ፤ ምላሹ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያናደደው እሱ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሉን ለድምፅ ካላቀረበው እዚያው ይቀራል። በአናፖሊስ ቋንቋ መሳቢያ ውስጥ ገባ ይባላል። ሴሽኑ 90 ቀን ነው። ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይጀምርና ኤፕሪል ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ያበቃል። ያን ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ያለ ቢል ሁሉ አብሮ ያበቃል። ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም፤ እንደ አዲስ መቅረብ አለበት።

6ኛዋ አልተዋጠላትም። ሜሪላንድ እያንዳንዱ ቢል ሂሪንግ እንዲያገኝ በሕግ ግዴታ አለባት፣ ድምፅም እንደዚያው መሆን አለበት ስትል ተከራከረች። 7ኛው በለሰለሰ ቃል አረማት። በጊዜው የገባ ቢል ሂሪንግ ማግኘቱ የቆየ ልማድ እንጂ የሕገ መንግሥት ትእዛዝ አይደለም፤ ልማዱም ድምፅን አይጨምርም። ዘግይቶ የገባ ቢል ደግሞ መጀመሪያ ይቀጥል አይቀጥል ወደሚለው ሩልስ ኮሚቴ ይላካል። ከዚያ ካልወጣ ሂሪንግ የሚባል ነገርም አያይም። ሌላም ቀን ጠቀሰላት። በ69ኛው ቀን፣ ማለትም ማርች አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ ክሮስኦቨር የሚሉት አለ። እስከዚያ ቀን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያልተሻገረ ቢል እሱም ሩልስ ኮሚቴ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሞተ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በጣም ከብዶታል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ጨዋ ነበር። 8ኛው ሲመጣ ተቀየረ።

ይህ ሰው ሁሉም ነገር አስቀድሞ በስሎ ያለቀ ነው ባይ ነው። ሂሪንጉ የይስሙላ ነው፤ ውሳኔው በሎቢስትና በሰብሳቢው መካከል እራት ላይ ይጠናቀቃል፤ እንደሷ ያሉ ሰዎች የሚጠሩት ክፍሉን ለመሙላት ነው ሲል ጻፈ። የዋህ ናት ብሎም ዘለፋት። እዚህ ላይ እኔም ደሜ ፈላ። አንዲት ሴት የቀን ገቢዋን ትታ ለሙያዋ ልትቆም ሄዳ የዋህ መባል አይገባትም።

9ኛዋ ከሃያትስቪል የጻፈች ነርስ ናት፤ እሷም አልማረችውም። እቤቱ ተቀምጦ የሄደን ሰው ከሚያጣጥል መጀመሪያ ራሱ አንድ ቀን ይሂድ አለችው። ቀጥሎ ያጋጠማትን አወራች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤት ለቤት ረዳቶችን የሚመለከት ቢል ሲቀርብ እሷና ጓደኞቿ የጽሑፍ ምስክርነት አስገቡ። ሙሉ በሙሉ አልደገፉም፣ አልተቃወሙምም። ከማሻሻያ ጋር እንደግፋለን የሚለውን መርጠው አንዱ አንቀጽ ምን ቢባል እንደሚሻል ራሳቸው ጽፈው አቀረቡ። ሂሪንጉ ላይ ማንም ስለዚያ አንቀጽ አላነሳም፤ ተስፋ ቆርጠው ወጡ። ቢሉ ከኮሚቴ ሲወጣ ግን የነሱ ዓረፍተ ነገር ከጥቂት ቃል በስተቀር እንዳለ ገብቶበት አገኙት።

ይሄን ታሪክ የምወደው ሥራው የት እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊና የሕግ አርቃቂው የሚያነቡት ወረቀት አለ። ሁለት ደቂቃ ንግግር ልብ ይነካል፤ ማሻሻያ የሚሆነው ግን የተጻፈው ነው።

10ኛው ምላሽ ከቀድሞዋ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በኔ ግምት የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው። ስለ ፊስካል ኖት ነው የጻፈችው። በሜሪላንድ እያንዳንዱ ቢል ዲፓርትመንት ኦፍ ሌጂስሌቲቭ ሰርቪስስ የሚባለው የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ክፍል የሚያዘጋጅለት ሰነድ አለው። የፓርቲ ወገን የለውም። ቢሉ ምን ያደርጋል፣ አሁን ያለው ሕግ ምን ይላል፣ ስቴቱን ስንት ያስወጣዋል፣ ካውንቲዎችን ምን ይነካል የሚለው በግልጽ ቋንቋ ይጻፍበታል። ለዴይኬሯ ባለቤት ልዩ ምክር ሰጠቻት፦ ሰነዱ ላይ በትንንሽ ንግዶች ላይ የሚያመጣው ተጽዕኖ የሚል ርዕስ ፈልጊ። ቤቷ ውስጥ ስምንት ሕጻናት ድረስ መያዝ የሚፈቀድላት ሴት ትንሽ ንግድ ናት። እዚያ ርዕስ ስር ተጽዕኖው ትንሽ ነው ወይም የለም ተብሎ ከተጻፈ፣ የኮሚቴው አባላት እሱን አንብበው ነው ሂሪንግ የሚገቡት። እሷ ስትናገር ራሳቸውን የነቀነቁትም ምናልባት ቀድመው ሐሳባቸውን ይዘው ሊሆን ይችላል።

ቢሉን ራሱን ማንበብም አስተማረች። የሜሪላንድ ቢል ሲከፈት ገጹ ላይ ማብራሪያ አለ፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመር ነው። በቅንፍ የታጠረው ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው። ከስሩ የተሰመረበት ኮሚቴው ወይም ጉባኤው ቢሉ ላይ የጨመረው ነው፤ በላዩ ላይ የተሰረዘበት ደግሞ ከቢሉ የተነሳው። ይሄን ያወቀ ሰው ረጅም ቢል ይዞ አይደናገርም። መጀመሪያ የቀረበውንና ከኮሚቴ የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መሃል ላይ ማን ምን እንደነካ በዓይኑ ያያል።

11ኛው ማመስገኛ ብቻ ነው።

12ኛው አሌክሳንድሪያ ነኝ ያለ ሰው ነው። የሜሪላንድ ሰዎች ብታማርሩም ከኛ ትሻላላችሁ ሲል ጀመረ። በቨርጂኒያ ምክር ቤት፣ በዴሊጌቶቹ ቤት ቢል ንዑስ ኮሚቴ ላይ ሊሞት ይችላል። ንዑስ ኮሚቴ ማለት እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴም የሚሰበሰቡት ጎህ ሲቀድ ነው። ከሰሜን ቨርጂኒያ ሪችመንድ ለመድረስ በሌሊት መነሳት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሴሽኑ አጭር ነው፦ ሙሉ ቁጥር ባለው ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው ዓመት ደግሞ በመርህ 30 ሆኖ ብዙ ጊዜ ወደ 46 የሚራዘም። ሴኔቱ ውስጥ ግን ንዑስ ኮሚቴው ሐሳብ ብቻ ያቀርባል፤ የሚወስነው ሙሉው ኮሚቴ ነው። አንድ ጥሩ ነገርም አላቸው። ከሙሉ ቁጥር ዓመት ወደ ጎዶሎው ዓመት ቢል ማሻገር ይችላሉ፤ ኮሚቴው ያን ከወሰነ ቢሉ አይሞትም፣ ያድራል።

13ኛዋ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ናት። እነሱ ጋ መሳቢያ የሚባል ነገር የለም። የኮሎራዶ ሕዝብ በ1988 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ እያንዳንዱ ቢል ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ድምፅ እንዲያገኝ አድርጓል። ሰብሳቢ አፍኖ ማስቀረት አይችልም። ሜሪላንድም እንደዚህ ለምን አታደርግም ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ ከልብ ነው፤ ብዙ ሰውም ላይክ አደረገላት።

14ኛው ምላሽ የኔ ነው። ለኮሎራዶዋ እህት ሳይሆን ለጥያቄው ባለቤት ነው የጻፍኩት። ያልኩት በአጭሩ ይሄ ነው። ዋናው ጊዜ ከሂሪንጉ ማግስት እስከ ድምፁ ቀን ያለው ነው። ያኔ ቢሉ በሰው እጅ ላይ ነው፤ ይገፋል፣ ይጎተታል። ሂሪንግ የተናገረ ሰው ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሌላው ወገን ያኔ ነው ስልክ ማንሳት የሚጀምረው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክን የሚይዘው ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) 20 እንደ ሌላው ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች አሉት። አራቱ ሰዎች የሷ ናቸው። ቢሉ ባለበት ኮሚቴ ውስጥ ባይኖሩ እንኳ ኮሚቴው ውስጥ ካሉት ጋር ሲገናኙ ይነጋገራሉ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ፣ አንዱ ለሌላው ድምፅ ይፈልጋል። ከመራጭ የመጣች አንዲት ትክክለኛ ኢሜይል፣ የቢሉ ቁጥር ያለባት፣ የመኖሪያ አድራሻ ያለባት፣ የምትፈልገውን በሁለት መስመር የምትናገር፣ ብዙ ትሠራለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ኤፕሪል ከደረሰ በኋላ የሚጻፈው አቤቱታ የሚያነበው ኮሚቴ የለውም።

15ኛው ያ 8ኛው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። የኮሎራዶዋን ሴት ያዛት። ድምፅ ማግኘት ሌላ፣ ዕድል ማግኘት ሌላ አላት። ኮሎራዶ ውስጥ የምክር ቤቱ አመራር የማይፈልገውን ቢል የሚልክበት ኮሚቴ አለ፤ ስቴት አፌርስ የሚሉት። ሰዎቹ ራሳቸው የሚገድለው ኮሚቴ እያሉ ይጠሩታል። እዚያ የተላከ ቢል ሂሪንግ ይደረግለታል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ይወድቃል፤ ሁሉም በሥርዓቱ። ቃሉ ሸካራ ቢሆንም እዚህ ላይ እውነት ተናግሯል። እኔ ግን የሱን መደምደሚያ አልቀበልም። በስም የተመዘገበ ድምፅ ያለው ሞት ከዝምታ ሞት ይሻላል። ማን እንደጣለው ታውቃለህ፤ በምርጫ ቀን ታስታውሰዋለህ። የዴይኬሯ ባለቤት ስትጠይቅ የነበረው እኮ ይሄንን ነው፦ ስም።

16ኛው ከሎስ አንጀለስ ስለ ካሊፎርኒያ ሰስፔንስ ፋይል ጨመረ። እዚያ ወጪው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ቢል፣ በታችኛው ምክር ቤት በዓመት 150 ሺህ ዶላር የሚደርስ፣ ወጪን የሚያየው አፕሮፕሪዬሽንስ ኮሚቴ ጋ ይቆለላል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሜይና ኦገስት ላይ፣ ሰብሳቢው በመቶ የሚቆጠሩ ቢሎችን በጥድፊያ እያነበበ ይሄ አለፈ፣ ይሄ ቀረ ይላል። ያን ቀን የሕዝብ አስተያየት የለም፣ ምክንያትም አይነገርም። ሌላ አልጨመረም፤ ያ ብቻውን በቂ ነው።

17ኛው ላይ ክሩ ከመስመር ወጣ፤ ግን በከንቱ አልወጣም። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የሚኖር የኡበር ሾፌር ስለራሳቸው ትግል ጻፈ። እነሱ ኮሚቴውንም ጉባኤውንም አልፈዋል። በ2023 የሾፌሮችን ክፍያ የሚያሻሽለው ቢል በሁለቱም ቤቶች ጸድቆ ገዢው ቲም ዋልዝ ጋ ደረሰ፤ እሳቸውም ቬቶ አደረጉት። ሥልጣን ከያዙ የመጀመሪያው ቬቷቸው ነበር። ሾፌሮቹ ግን ቤታቸው አልገቡም። በ2024 ሌላ ስምምነት ተደርሶ ሕግ ሆነ፦ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም። የሱ መልእክት ኮሚቴ ማለፍ መጨረሻ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠንካራ የሆኑት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የኮሚቴ አባላቱን አንድ በአንድ ስላወቋቸው ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ስለ ኡበር ኢንሹራንስ፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ መኪና ዋጋ ምልልስ ተጀመረ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

18ኛው ነገሩን ወደ አገር ቤት ወሰደው። አዲስ አበባ ላይም ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ይጠራል፣ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው አለ። 19ኛው በቁጣ መለሰለት፤ ከዚያ ወዲያ የተጻፈው ስለ ኮሚቴ አልነበረም። ማን የማን ደጋፊ ነው ወደሚል ወረደ። የመድረኩ አወያይ በ20ኛው ቁጥር ገብቶ አስቆመው፤ የተሰረዙ ምላሾችም አሉ። ጥሩ አደረገ። የ18ኛው ጥያቄ በራሱ ግን ደህና ጥያቄ ነበር፤ ራሱን የቻለ ክር ቢከፈትለት እኔም እሳተፋለሁ። ልዩነቱን ለማየት አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ኮሚቴው የቀረበለትን ረቂቅ ስንት ጊዜ ለውጦ ወይም ጥሎ መልሷል?

21ኛው ላይ የጥያቄው ባለቤት ተመለሰች። በዚህ መሃል ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ቢሉን ያቀረበችው ዴሊጌት ቢሮ ደውላ ነበር። አንዲት ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዳቻት። ንዑስ ኮሚቴው ውስጥ በቂ ድምፅ አልነበረም። ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅ አልተስማሙም። ዴሊጌቷ ቢሉ ተመዝግቦ እንዲወድቅ ከማድረግ ይልቅ ሳይነሳ እንዲቆይ ራሷ ተስማማች፤ ምክንያቱም በሰመሩ ወራት ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግራ በሚቀጥለው ዓመት አሻሽላ ልታመጣው ትፈልጋለች። የገደለው ጠላት አይደለም እንግዲህ። ያቆየችው የራሱ ባለቤት ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተገረመ። እኔ አልተገረምኩም፤ ግን አዘንኩ። ይሄ ውሳኔ የተወሰነው ማርች ላይ ነው። አንዲት የስልክ ጥሪ ያኔ ብትደረግ ኖሮ ሴትየዋ ምን ላይ እንደተጣበቀ ታውቅ ነበር። እሷን የመሰሉ በርካታ ሐበሻ ዴይኬር ያላቸው ሴቶች በሞንትጎመሪ ካውንቲ አሉ። ወጪው የሚያስፈራ እንዳልሆነ ከራሳቸው ደብተር ማሳየት የሚችሉ እነሱ ናቸው። ሂሪንግ ላይ ስለ ልጆቹ ፍቅር ተናገረች፤ ጥሩ ነው። ንዑስ ኮሚቴው የፈለገው ግን ስለ ብር የሚናገር ሰው ነበር።

22ኛው ያ ቁጡ 8ኛው ሰው ነው፤ የቃሉ ሙቀት በርዷል። ዘለፋውን አላነሳም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። የሚጠቅም ነገር ግን ይዞ መጣ። ሎቢስቶች በሜሪላንድ ስቴት ኤቲክስ ኮሚሽን ዘንድ መመዝገብ አለባቸው፤ ለማን እንደሚሠሩና ምን እንዳወጡ የሚያቀርቡት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው። በቢሉ ላይ ማን እንደሠራ ማየት የፈለገ እዚያ ይጀምር አለ። የተቃወሙትን ደግሞ የሂሪንጉ ምስክርነቶች ላይ ስማቸውንና አቋማቸውን ማግኘት ይቻላል፤ የጽሑፍ ምስክርነት በፋይል ተጭኖ ይቀመጣል። ሂሪንጉም ሆነ ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ በቪዲዮ ይተላለፋል፤ እቤት ተቀምጦ መከታተል ይቻላል። ነርሷ ይሄን አይታ አመሰገነችው። በክሩ ውስጥ ደስ ያለኝ አንዱ ቦታ ይሄ ነው።

23ኛዋ ወጣት ናት፤ እናቷ ዴይኬር አላት። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶች እንዴት ይናገሩ ብላ ጠየቀች። የቀድሞዋ የቢሮ ሠራተኛ የጽሑፍ ምስክርነት ልጅ ወይም ጎረቤት አግዞ ሊጽፈው እንደሚችል፣ አንድ ገጽ እንደሚበቃ፣ ዋናው የራሳቸው ቁጥርና የራሳቸው ሥራ መግባቱ እንደሆነ መለሰችላት። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለች። ለመናገርም ሆነ ጽሑፍ ለማስገባት በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ማይ ኤምጂኤ የሚባል አካውንት መክፈት ያስፈልጋል። ምዝገባው ሂሪንጉ ከመድረሱ በፊት በተወሰነ መስኮት ብቻ ይከፈትና ይዘጋል። በሂሪንጉ ጠዋት አስገባለሁ ያለ ሰው ዘግይቷል። አካውንቱን ከወዲሁ ክፈቱት፣ ነጻ ነው፤ የምትከታተሏቸውን ቢሎችም እዚያ መመዝገብ ትችላላችሁ።

24ኛው ተመሳሳይ ረቂቅ በሴኔቱም ስለማቅረብ ጻፈ። ክሮስ ፋይል ይሉታል። አንዱ ቤት ውስጥ ኮሚቴው ቢያዘገየው ሌላው ቤት ውስጥ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ኮሚቴዎች ቀድመው ስለሚሰሙት ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ጊዜ ይቆጥባል። የዴይኬሩ ቢል የሴኔት ጓደኛ አልነበረውም። ለሚቀጥለው ዓመት የዲስትሪክታቸውን ሴናተር ማነጋገር አንዱ ሥራ ይሁን አለ። ሁላችንም ተስማማን።

25ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የጥያቄው ባለቤት የጻፈችው ነው። ምስጋና አላበዛችም፤ ወደ ሥራ ነው የገባችው። ዴሊጌቶች ቢል ማስረቀቅ የሚጀምሩት ጃንዋሪን ጠብቀው ሳይሆን ከዚያ በፊት በመጸው (ፎል) ወራት መሆኑን ቢሮው ነግሯታል። ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ ከዴሊጌቷ ጋር ለመቀመጥ ቀጠሮ ይዛለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዊተንና ከታኮማ ፓርክ የቤት ዴይኬር ያላችሁ ያለፈውን ዓመት ወጪያችሁን፣ ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ፣ የሥልጠና ክፍያ፣ ለየብቻ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስም አያስፈልግም፣ ዚፕ ኮድ ይበቃል ብላለች። ስፕሬድሺቱን ነርሷ ትሠራዋለች። ይሄን ስጽፍ ወረቀታቸውን የላኩ ሰዎች አሉ፤ የኔ ጎረቤትም ዛሬ ማታ ትልካለች።